ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሁሉ

ባለፈው እትም ሙዚቃ ገፅ ላይ ስለ ሰሃራው ባንድ ስለ ቲናሪዌን በሁለት መስመር ብቻ አንስተን ነበር፣ ግራሚ የወሰዱ የማሊ ቱዋሬጎች ብለን። ቱዋሬግ ሰሃራ በረሃ ውስጥ የሚኖር ዘላን ህዝብ ነው። በዛች ሁለት መስመር የተነሳ ብዙ ጥያቄ ስለመጣ የዚህን ወር አምድ ለነሱ ሰጥቼዋለሁ። አመተ ምህረቱ እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ የኛን ስጠቅስ እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? እኛ ሐዋሳ ያለን አራት ልጆች ነን፣ ሮክ ነው ምንጫወተው፣ ባንዱን ከጀመርን አራት አመት ሆነን። ሆቴል ውስጥ የሰው ዘፈን ስንጫወት ሰው ይጨፍራል፣ የራሳችንን ስንጀምር ግን ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። አንዳንዱ አዲስ አበባ ካልገባችሁ አይሆንም ይለናል፣ አንዳንዱ ደሞ በእንግሊዝኛ ዝፈኑ ይላል። እነዚህ ሰዎች ከበረሃ ተነስተው በራሳቸው ቋንቋ እየዘፈኑ እንዴት እዛ ደረሱ? ማነው ያወጣቸው? — ቤዝ ተጫዋቹ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ "ማነው ያወጣቸው" ከምትለዋ ልጀምር፣ ምክንያቱም ታሪካቸው ብዙ ቦታ የሚነገረው ከዛ ተነስቶ ነው፣ ፈረንሳዮች መጡ፣ በረሃ ውስጥ አገኟቸው፣ አወጧቸው እየተባለ። ይሄ አነጋገር በጣም ያናድደኛል። ባንዱ የተጀመረው 1979 ደቡብ አልጄሪያ ታማንራሴት ከተማ ውስጥ ነው፣ አለም ላይ የተሸጠው የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው ደሞ 2001 ነው። መሃል ላይ 22 አመት አለ እኮ! በነዛ 22 አመታት የሚያወጣቸው ሰው እየጠበቁ አልተቀመጡም፣ በማሊም በኒጀርም በአልጄሪያም በሊቢያም በረሃ ያለ የቱዋሬግ ወጣት ዘፈናቸውን በቃሉ ይዘፍነው ነበር። አንድ ባንድ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ልጅ ነው፣ ኢብራሂም አግ አልሀቢብ ይባላል። ሰሜን ማሊ ተሳሊት አካባቢ ተወልዶ አባቱን በህፃንነቱ ያጣ፣ ከብታቸው ያለቀ፣ ከቤተሰቡ ጋር ድንበር ተሻግሮ አልጄሪያ የተሰደደ ልጅ ነው። አንድ ቀን ፊልም ላይ ካውቦይ ጊታር ሲጫወት አየና ከዛ በኋላ እንቅልፍ አጣ፣ የቆርቆሮ ጣሳ ፈልጎ፣ እንጨት ሰክቶበት፣ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ እንደ ክር ወጥሮ የራሱን ጊታር ሰራ። እውነተኛ ጊታር እጁ የገባው ትልቅ ልጅ ሆኖ ታማንራሴት ውስጥ ነው፣ እዛው ከሀሰን አግ ቱሃሚ እና ከእንተየደን አግ አብሊል ጋር ተገናኝተው ሰርግ ላይና ድግስ ላይ መጫወት ጀመሩ። ስምም አልነበራቸውም። ሰው ነው "ኬል ቲናሪዌን" እያለ የጠራቸው፣ የበረሃ ሰዎች እንደማለት ነው፣ ቲናሪዌን የቴኔሬ ብዙ ቁጥር ነው፣ በረሃዎች።

ደሞ ምን ይሰሙ እንደነበር ልንገርህ፣ የሞሮኮ የተቃውሞ ዘፈን፣ የአልጄሪያ ራይ፣ ከዛ ሳንታና፣ ሌድ ዘፕሊን፣ ዳየር ስትሬትስ፣ ጂሚ ሄንድሪክስ፣ ቦብ ማርሊ፣ ቦኒ ኤም ሳይቀር! እኛም ሀገር ያኔ ቦኒ ኤም የማይሰማበት ቤት አልነበረም። እናንተ ሆቴል ውስጥ የምትጫወቱትን የሰው ዘፈን እነሱም ሰምተውታል ማለት ነው፣ ጆሯቸው ውስጥ ካስገቡት በኋላ ግን አፋቸውን በተማሸቅ፣ በራሳቸው በቱዋሬጎች ቋንቋ ነው የከፈቱት።

ያ ትውልድ ራሱን "ኢሹማር" ብሎ ነው የሚጠራው። ቃሉ ፈረንሳይኛው ስራ አጥ ከሚለው የመጣ ነው። ከ1968 እስከ 1974 ከሰሃራ በታች ያለውን የሳህልን ምድር የመታው ድርቅ (ያው የኛን ወሎን በኛ አቆጣጠር በ66ቱ ጊዜ የመታውም ያኔ ነው) ግመሉንም ፍየሉንም ሲጨርስባቸው ከብት አርቢ የነበረው ወጣት በሙሉ ወደ ከተማና ወደ ጎረቤት ሀገር ፈሰሰ፣ የቀን ስራ ፈላጊ ሆነ፣ ከእናቱ ድንኳን የራቀ፣ ወረቀት የሌለው፣ ፖሊስ የሚያባርረው ወጣት። ቲናሪዌን የዘፈኑት ለዚህ ልጅ ነው፣ ስለዚህ ልጅ ነው። የሙዚቃው ስልት ራሱ ስሙን ከኢሹማሮቹ ወሰደ፣ ወይ ደሞ ባጭሩ "ጊታር" ይሉታል።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ሰማንያዎቹ ውስጥ ሊቢያ ካምፕ ውስጥ ሳሉ (ስለ ካምፑ ከታች ሌላ ጠያቂ ስላለ እመለስበታለሁ) ሌሎች ተጫዋቾች ተጨመሩና በእጃቸው ያለውን እቃ አገጣጥመው ቀረፃ ቢጤ ማድረጊያ ቦታ አዘጋጁ፣ ከዛ አንድ ውሳኔ ወሰኑ፣ ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ ዘፈናችንን በነፃ እንቀዳለታለን አሉ። በቃ ይሄው ነው። ካሴቱን የወሰደ ሰው መኪና ላይ ያጫውተዋል፣ ለጓደኛው ይቀዳለታል፣ ጓደኛው ድንበር ተሻግሮ ለሌላ ይቀዳል፣ የተቀዳው ከተቀዳው እየተቀዳ ድምፁ እየሻከረ እየሻከረ በረሃውን አዳረሰው። ሬዲዮ አልነበራቸውም፣ ፖስተር አልነበራቸውም፣ ሙዚቃ ቤት አልነበራቸውም።

እኔ በካሴት ዘመን ያደኩ ሰው ስለሆንኩ ይሄ ታሪክ ሆዴን ያባባዋል። ታላቅ ወንድሜ ባዶ ካሴት ገዝቶ ሰፈራችን ካለች ሙዚቃ ቤት ሄዶ የሚፈልገውን ዘፈን በወረቀት ፅፎ ሰጥቶ በሶስተኛው ቀን ሄዶ ሲያመጣ እኛ ታናናሾቹ በር ላይ ቆመን ነበር የምንጠብቀው፣ ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክርብቶ እያጠነጠንን ስንት ጊዜ አድነነዋል። የኮፒ ኮፒ ስለሆነ የዘፋኙን ፊት እንኳን አናውቅም፣ ዘፈኑን ግን ከነትንፋሹ እናውቀዋለን። ለዚህ ነው ሰሜን ማሊ ኪዳል ከተማ ውስጥ ያለ ልጅ ምን እንደተሰማው የሚገባኝ።

ታዲያ ፈረንሳዮቹ? አዎ አሉ፣ አልክድም። ሎጆ የሚባል የፈረንሳይ ባንድ በ1998 የማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ላይ ከቲናሪዌን ልጆች ጋር ተዋወቀ፣ በአመቱ የተወሰኑት ፈረንሳይ ሄደው ተጫወቱ፣ ከዛ ጃንዋሪ 2001 ላይ ሁለቱ ተባብረው ቲን ኤሳኮ የምትባል ቦታ የበረሃው ፌስቲቫል ተጀመረ። የመጀመሪያው አልበምም በዛው ሰሞን ኪዳል ውስጥ ባለች በተማሸቅ በምታስተላልፍ ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ ነው የተቀረፀው፣ ስሙንም ከጣቢያዋ ነው ያገኘው፣ ሬዲዮ ቲስዳስ። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ጀስቲን አዳምስ እነሱ ያሉበት ድረስ ሄዶ ነው የቀረፃቸው። እነዚህ ሰዎች በር ከፍተዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል፣ ከበሩ ጀርባ ግን የ22 አመት ስራ ቆሞ ነበር።

ወደ እናንተ ልምጣ። በእንግሊዝኛ ዝፈኑ የሚላችሁን አትስሙት፣ ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምልህ። እነዚህ ሰዎች ዩሮፕ ውስጥ ግጥማቸውን የሚረዳ ሰው በሌለበት አዳራሽ በተማሸቅ ዘፍነው አዳራሹን ያስነሱት ቤታቸው ውስጥ በእያንዳንዱ ቃል የሚያለቅስ ሰው ስለነበራቸው ነው፣ ያ ነገር ድምፃቸው ውስጥ አለ። ስለ አዲስ አበባው ደሞ መሄድ ክፉ አይደለም፣ ስቱዲዮውም ሰዉም እዛ ነው፣ ግን መጀመሪያ ዘፈናችሁ ስለማን እንደሆነ ጠይቁ። ሆቴል የመጣ ሰው ቢራውን ሊጠጣ፣ የሚያውቀውን ዘፈን ሊሰማ ነው የመጣው፣ እሱ ላይ አትፍረዱ። ሀይቁ ዳር ማታ ማታ የሚቀመጡት የእናንተ እድሜ ልጆች፣ ተመርቀው ስራ ያጡት፣ ባጃጅ ነጂዎቹ፣ እነሱስ ሰምተውታል? በቴሌግራም ልካችሁላቸዋል? በነፃ? የዛሬው ባዶ ካሴት እሱ ነው። አራት አመት ብዙ መስሎህ ይሆናል፣ እኔ ግን ገና ነው እላለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሽዬ፣ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው። ባለቤቴ መኪና ውስጥ የቲናሪዌንን ዘፈን ከፍቶ እኔ በመጀመሪያ የኛ ሀገር ዘፈን መስሎኝ ነበር፣ የድሮ ትዝታ ነገር። ቋንቋውን ስሰማ ነው ደንግጬ ማነው ያልኩት። ከኛ ነው የወሰዱት ወይስ ጆሮዬ ነው? — እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ እህቴ፣ ጆሮሽ ልክ ነው፣ መውሰድ ግን የለም። ዜማቸው ባብዛኛው በአምስት ድምፅ የተሰራ ነው፣ የኛዎቹ ትዝታና ባቲና አምባሰልም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው፣ ስለዚህ ጆሮ ወዲያው ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል። በአምስት ድምፅ የሚዘፍን ህዝብ ደሞ አለም ላይ ብዙ ነው፣ የምእራብ አፍሪካውም የአሜሪካው ብሉዝም አለበት።

ግን እኔን ከዚህ በላይ የሚገርመኝ ሌላ ነገር አለ። ቱዋሬጎች "ኢምዛድ" የሚሉት መሳሪያ አላቸው፣ ከቅል ተሰርቶ በቆዳ የተለበጠ፣ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ብቻ ያለው፣ በደጋን የሚገዘገዝ። ማሲንቆ በይው! ልዩነቱ ምን መሰለሽ፣ እኛ ጋር ማሲንቆ በአብዛኛው የወንድ እጅ ላይ ነው የምናየው፣ እነሱ ጋር ኢምዛድ የሚጫወቱት ሴቶች ብቻ ናቸው። ዩኔስኮ በ2013 መዝግቦታል፣ በአልጄሪያ በማሊና በኒጀር ስም። ሌላው "ተንዴ" ነው፣ እህል የሚወቀጥበት ሙቀጫ ራሱ አፉ ላይ የፍየል ቆዳ ተወጥሮበት ከበሮ ይሆናል፣ እሱንም ሴቶች ናቸው የሚመቱት። የቲናሪዌንን ጊታር ልብ ብለሽ ስትሰሚ አውራ ጣት ወፍራሙን ክር እያስተጋባ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ይለቅማሉ፣ ጭብጨባውና ከበሮው ደሞ ከስር የግመል እርምጃ ይመስላል፣ እና እኔ የሚሰማኝ የእናቶቻቸው ኢምዛድና ተንዴ ጊታር ውስጥ ገብቶ ነው። ሮክ እንለዋለን፣ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፣ ዲስቶርሽኑም አለ፣ ግን ሰዎቹ ሮክን ሳያውቁት በፊት ይሄ ነገር ቤታቸው ነበር። መጀመሪያ ሰሞን አብረዋቸው የሚዘፍኑ ሴቶችም ነበሩ፣ ሚና ዋለት ኡማር ለምሳሌ፣ ያ የሴቶቹ እልልታና ተቀባይ ድምፅ ያለባቸው የቆዩት ስራዎች ለኔ ይበልጡብኛል።

ትዝታ ስላልሽው ደሞ "አሱፍ" የምትል ቃል አለቻቸው። ናፍቆት ናት፣ ብቸኝነት ናት፣ ሰው ከእሳቱ ዳር ርቆ ጨለማው ውስጥ ሲቆም የሚሰማው ነገር ሁሉ በሷ ይጠራል፣ ሙዚቃቸው ምንድነው ሲባሉ ራሱ አሱፍ ነው ይላሉ። እኛም ትዝታ ስንል ስሜቱንም ቅኝቱንም ዘፈኑንም አይደል። አንቺ ከሀገርሽ ርቀሽ መኪና ውስጥ ሆነሽ የሰማሽው እሱን ነው መሰለኝ፣ በስደት የተሰራ ሙዚቃ ስደተኛ አይጠፋውም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሰዎች አማፂ ነበሩ ይባላል፣ በአንድ ትከሻ ክላሽ በአንድ ትከሻ ጊታር። ታጣቂን እንደ ጀግና ማሞገስ ልክ ነው? በተለይ በአሁኑ ጊዜ። — ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ከባድ ጥያቄ ነው፣ ስለጠየክ አመሰግናለሁ። አዎ፣ የተወሰኑት ተዋግተዋል። ማሊ በ1960 ነፃ ከወጣች በኋላ ኪዳል አካባቢ ቱዋሬጎች አመፁ፣ መንግስት በጭካኔ ደመሰሰው፣ የኢብራሂም አባት የተገደሉት ያኔ በ1963 ነው። የአባቱን ሞት ያየ ልጅ ነው እንግዲህ ያን የቆርቆሮ ጊታር የሰራው። በ1980 ጋዳፊ ወረቀት የሌላቸው የቱዋሬግ ወጣቶች ሁሉ ሊቢያ መጥተው ወታደራዊ ስልጠና እንዲወስዱ ጠራ፣ የሰሃራ ጦር ሊያቋቁም አስቦ፣ ለነዚህ ስራ አጥ ልጆች ደሞ እንጀራም ተስፋም መሰላቸውና ሄዱ። በ1985 ሌላ ካምፕ ውስጥ ነው እነ ኬዱ፣ እነ መሀመድ አግ ኢትላሌ (ዣፖኔ ብለው ይጠሩታል) እና ሌሎቹ የተቀላቀሏቸው። በ1989 ሊቢያን ትተው ተሳሊት ገቡ፣ በ1990 አመፁ ሲነሳ ከፊሎቹ ገቡበት፣ ጃንዋሪ 1991 በመንግስትና በአማፂዎቹ መሃል የታማንራሴት ስምምነት ሲፈረም መሳሪያውን አስቀምጠው ሙዚቃውን ያዙ፣ ከዛ ወዲህ ሙዚቀኞች ናቸው።

ያ የክላሽና የጊታር ፎቶ ነገር እኔንም አይመቸኝም። ምእራባውያን ጋዜጦች በጣም ወደዱት፣ ሮማንቲክ ሆነላቸው፣ ግን ዘፈኖቹን ስትሰማ ጦርነት የሚያስጎመጅ ነገር የለም። ስለ ውሃ ነው፣ ስለተበተኑ ጓደኞች፣ ስለሞቱ ወንድሞች፣ እርስ በርስ ስለመጣላት፣ እነሱ ራሳቸው ጎሳ ለጎሳ ሲጣሉ ያማል ብለው ዘፍነዋል። እንተየደን፣ ከመጀመሪያዎቹ ሶስቱ አንዱ፣ በ1994 ሞተ፣ አለም ሲያውቃቸው አላየም። ይሄን የምልህ ጀግና ናቸው ብለህ አጨብጭብ ለማለት አይደለም፣ ሰው ከምን ውስጥ እንደሚዘፍን እንድታየው ነው።

ደሞ ጠመንጃው ተመልሶ መጥቶባቸዋል። ግራሚውን "ታሲሊ" በሚለው አልበም የወሰዱት ፌብሯሪ 2012 ነው፣ ሰሜን ማሊ ውስጥ አዲሱ ጦርነት ከተነሳ ገና አንድ ወር አልሞላውም ነበር። በወራት ውስጥ አክራሪ እስላማዊ ታጣቂዎች ከተሞቹን ያዙና ሙዚቃ ከለከሉ፣ በኋላ ላይ ቲምቡክቱ አጠገብ ሲካሄድ የነበረው የበረሃው ፌስቲቫልም ያን አመት ከተካሄደ በኋላ እዛ አልተደገመም። ከባንዱ አባላት አንዱ፣ አብደላ አግ ላሚዳ፣ ጊታሮቹን ሊያድን ሲል ተያዘ፣ ደግነቱ በኋላ ተለቀቀ። አስበው እስቲ፣ ለጊታር ብሎ። ቀጣዩን አልበም "ኤማር"ን ሀገራቸው ላይ መቅረፅ ስላልቻሉ ካሊፎርኒያ ጆሹዋ ትሪ የሚባል በረሃ ሄደው ነው የቀረፁት። በሰው ሀገርም በረሃ ፈልገው።

ጥያቄ፦ አንድም ሰምቼ አላውቅም፣ ከየት ልጀምር? አሁንስ አሉ? — ከዱባይ

መልስ፦ ከ"አማን ኢማን" ጀምር፣ የ2007 ነው፣ ትርጉሙ ውሃ ህይወት ነው። በኔ ጆሮ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው፣ ግራሚ ያገኘው "ታሲሊ" ለስለስ ያለ፣ ኤሌክትሪክ ጊታሩ የቀነሰበት ስለሆነ ለሁለተኛ አቆየው። "አማን ኢማን" ውስጥ "63" የሚል ዘፈን አለ፣ ከላይ ያነሳሁት አመት ነው፣ "አሱፍ" የሚልም አለ። ከዛ ወደኋላ ተመለስና "ሬዲዮ ቲስዳስ"ን ስማ፣ ድምፁ ደረቅ ነው፣ አትቸኩል፣ ሁለቴ ሶስቴ ስማው። ከቅርቦቹ "ኤልዋን" ጥሩ ነው፣ የ2017፣ ዝሆኖች ማለት ነው።

አሉ። ዣፖኔ በ2021 አረፈ፣ ኢብራሂም ፀጉሩ ሸብቶ አሁንም ይዘፍናል፣ አጠገቡ ደሞ በቤዙ ኢያዱ አግ ለሸ በከበሮው ሰኢድ አግ አያድ አሉ፣ እነሱ ከኋላ የመጡ ናቸው። የመጨረሻው ሲወጣ የሰማሁት "አማትሱ" ነው፣ 2023። ከነሱ ቀጥሎ የመጣው ትውልድም ራሱን ችሎ ቆሟል፣ ታሚክረስት ከኪዳል፣ ኢማርሃን ከታማንራሴት፣ ቦምቢኖ ከአጋዴዝ፣ ኒጀር። ኢማርሃኖች እዛችው ታማንራሴት፣ ቲናሪዌን በተጀመረባት ከተማ ውስጥ የራሳቸውን ስቱዲዮ ሰርተዋል።